ለቅዳሜና እሑድ የስኖርክሊንግና የዳይቪንግ ጉዞ ደሴት አመራረጥ፦ ደረጃ በደረጃ

ለስኖርክሊንግ (በመተንፈሻ ቱቦ ከውኃው ወለል ላይ ሆኖ ለመዋኘት) ወይም ለዳይቪንግ (በአየር ጋን እየተነፈሱ ለመጥለቅ) ብዙ ሰው ደሴት የሚመርጠው በስሙና በፎቶው ነው። ትኬት ይቆርጣል፣ ይደርሳል፣ ባሕሩን ግን ወይ ደፍርሶ ወይ ሸሽቶ ያገኘዋል። እኔም አንድ ጊዜ በባሕር ጠርዝ ባለ ሆቴል ሰገነት ላይ የመተንፈሻ ቱቦዬን በእጄ ይዤ ጠዋቱን ሙሉ ጭቃና የባሕር ሣር ስመለከት አርፍጃለሁ። ውኃው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ነበር። ሆቴሉ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሳምንት ሙሉ ያለው ሰው ቢሳሳት ዳርቻ ይቀይራል፣ ነፋሱ እስኪበርድ ይጠብቃል። ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው መጠበቂያ የለውም። ስለዚህ የደሴቱን ስም ብቻ መምረጥ አይበቃውም፤ በየትኛው ሳምንት፣ በየትኛው ዳርቻ፣ በቀኑ በየትኛው ሰዓት ውኃ ውስጥ እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል አይዝለሉ። አንድ ደሴት በአንዱ ደረጃ ከወደቀ ይጣሉት፤ ፎቶው ስላማረዎት ብቻ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይዘውት አይሂዱ።

ከመጀመርዎ በፊት

አራት ነገሮች ያዘጋጁ፦ የሳተላይት ካርታ፣ የነፋስ ትንበያ፣ የአካባቢውን የባሕር ሙላትና ሽሽት ሰንጠረዥ፣ እንዲሁም ወረቀትና እስክሪብቶ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። ከሦስት እስከ አምስት ደሴቶች በዕጩነት ይጻፉ። ከዚያ በላይ ካበዙ ምርጫው ራሱ ቅዳሜና እሑድዎን ይበላዋል።

ደረጃ 1፦ የውኃ ሰዓትዎን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይቁጠሩ

ስሌቱን ከመመለሻ በረራዎ ይጀምሩ። በአየር ጋን እየተነፈሰ የጠለቀ ሰው ወዲያውኑ አውሮፕላን መሳፈር አይችልም። ጥልቀት ውስጥ ባለው ግፊት ምክንያት ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ የአውሮፕላኑ የውስጥ ግፊት ሲቀንስ ጋዙ አረፋ ሠርቶ ይወጣል። ይህ ከመገጣጠሚያ ሕመም እስከ ሽባነት ሊያደርስ ይችላል። በጠላቂዎች ዘንድ የታወቀው ዝቅተኛ ልክ እንዲህ ነው፦

- በጉዞው አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣
- በአንድ ቀን ደጋግመው ወይም ለተከታታይ ቀናት ከጠለቁ ቢያንስ 18 ሰዓት፣
- ጥንቃቄ ለሚመርጥ ሰው በማንኛውም ሁኔታ 24 ሰዓት።

እንቁጠረው። በረራዎ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ቢሆን 24 ሰዓት ወደ ኋላ ሲሄዱ ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ይሆናል። በ18 ሰዓቱ ልክ ቢሄዱ ደግሞ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ነው። በሁለቱም ስሌት እሑድ የጠለቃ ቀን አይደለም። በጥልቀት የመጥለቂያው ቀን ቅዳሜ ብቻ ነው፤ እሑድ በመተንፈሻ ቱቦ ከላይ ሆኖ የመዋኛ ቀን ነው። ስኖርክሊንግ የሚያደርግ ሰው የሚተነፍሰው ተራውን አየር ከውኃው ወለል ላይ ስለሆነ ይህ ገደብ አይመለከተውም።

ቀጥሎ የመሄጃውን መንገድ ይቁጠሩ። ከቤትዎ በር እስከ ውኃው ጠርዝ ያለውን ይደምሩ፦ የአውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃ፣ በረራ፣ ጀልባ፣ ታክሲ። የእኔ ገደብ በአንድ አቅጣጫ ሰባት ሰዓት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ደሴት መልካም ደሴት ሊሆን ይችላል፤ ለረጅም ዕረፍት ያቆዩት።

ማስጠንቀቂያ፦ የመጨረሻዋ የጉዞ ክፍል ብዙ ሰው ታሰናክላለች። በማልዲቭስ በውኃ ላይ የሚያርፉት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ዓርብ ማታ በዋና ከተማዋ ማሌ ያረፈ ሰው እዚያው አድሮ የቅዳሜን ጠዋት መንገድ ላይ ያሳልፋል። ለአጭር ጉዞ ከአውሮፕላን ማረፊያው በፈጣን ጀልባ የሚደረስበትን ደሴት ይምረጡ።

ሌላም አለ። ትኬት ላይ 18:00 የሚለው ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ 06:00 ደግሞ ንጋት 12። ሁለቱን አምታትቶ ስሌቱን በሙሉ ያበላሸ ሰው አውቃለሁ።

ከተሳሳቱስ? ሳያስቡት እሑድ ጠዋት ከጠለቁ በረራውን ወደ ሰኞ ያዛውሩ። «ደኅና ነኝ፣ ምንም አልተሰማኝም» ማስረጃ አይሆንም፤ ምልክቱ የሚመጣው ከበረሩ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከጠለቃ በኋላ በመኪና ከፍተኛ ተራራ ማቋረጥም እንደ በረራ ይቆጠራል።

ደረጃ 2፦ አብረው የሚሄዱትን ይመዝኑ

ደሴቱን የሚመርጠው ከቡድኑ ውስጥ ደካማው ዋናተኛ ነው። ይህን የሚረሱ ሰዎች ጓደኛቸውን ጀልባ ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ።

- ዋና የማይችል ካለ፦ ጥልቀት የሌለው፣ በኮራል (ድንጋይ በሚመስል፣ ዓሦች በሚኖሩበት ሕያው የባሕር ፍጡር) አጥር የተከለለ፣ በእግር የሚገባበት ውኃ ይፈልጉ። ከጀልባ የሚዘለልበት ቦታ አይሆንም።
- 200 ሜትር ሳያቋርጥ የሚዋኝና 10 ደቂቃ የሚንሳፈፍ ከሆነ፦ ከዳርቻ የሚገባባቸው አብዛኞቹ ጸጥ ያሉ ቦታዎች ይሆኑታል።
- የመጀመሪያ ደረጃ የጠላቂ ምስክር ወረቀት ካለው፦ ገደቡ 18 ሜትር ነው። ዝነኛው ቦታ በ25 ሜትር ላይ ከሆነ ለእርሱ የለም ማለት ነው።
- የላቀ ደረጃ ካለው፦ እስከ 30 ሜትር።
- ጠልቆ የማያውቅ ከሆነ፦ ከአሠልጣኝ ጋር እስከ 12 ሜትር የሚደረገውን የሙከራ ጠለቃ ይውሰድ።

የሥልጠና ኮርስ በሁለት ቀን ለመጨረስ አያቅዱ። ኮርሱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስዳል። ትምህርቱንና የመዋኛ ገንዳ ልምምዱን አስቀድመው ጨርሰው፣ በደሴቱ የባሕር ጠለቃዎቹን ብቻ ማድረግ ይቻላል። ይህን ግን ከሁለቱም ማዕከላት ጋር በጽሑፍ ይስማሙ።

ምስክር ወረቀት ኖሮት ከዓመት በላይ ላልጠለቀ ሰው የመጀመሪያው ጠለቃ የማስታወሻ ልምምድ ይሁን። እንዲሁም የጤና መጠይቁን ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ይሙሉ። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ወይም የሳንባ ችግር ካለ የሐኪም ፊርማ ይጠየቃል፤ ያ ፊርማ በደሴቱ ላይ ቅዳሜ ጠዋት አይገኝም። ነፍሰ ጡር ሴት በአየር ጋን አትጠልቅም።

ደረጃ 3፦ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ፣ ጥላውን ይምረጡ

እያንዳንዱ ደሴት ሁለት ፊት አለው፤ ነፋስ የሚመታውና ከነፋስ የተከለለው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ደሴት፣ አንደኛው ዳርቻ አረፋ ሲደፍቅ ሌላኛው እንደ መስተዋት ሊተኛ ይችላል። ወቅት ሲለወጥ ፊቶቹ ቦታ ይለዋወጣሉ።

አንዳንድ ምሳሌዎች (ወራቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)፦

ሲሸልስ። ከግንቦት እስከ መስከረም ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል። ያኔ በማሄ ደሴት ሰሜን ምዕራብ ያለው የቦ ቫሎን ዳርቻ የተከለለ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በሁለቱ መካከል ያሉት ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ ባሕሩ የሚረጋባቸው ሳምንታት ናቸው።

ታይላንድ። በምዕራቡ ባሕር ያሉት የሲሚላን ደሴቶች ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ገደማ በየዓመቱ ለጎብኚ ዝግ ናቸው። በምሥራቅ ባሕረ ሰላጤ ያለችው ኮ ታኦ በእነዚያ ወራት ትሠራለች፤ እርሷን የሚያስቸግራት ኅዳር ነው። ስለዚህ «ታይላንድ መቼ ይኬዳል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

ካሪቢያን። የአውሎ ነፋስ ወቅቱ በይፋ ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ነው። ከደቡብ አሜሪካ አጠገብ ያሉት አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳው ከአብዛኞቹ አውሎ ነፋሶች መንገድ ውጭ ናቸው። የቦኔር ምዕራባዊ ዳርቻ ደግሞ ከዘወትሩ ነፋስ የተከለለ ስለሆነ በመኪና ሄዶ፣ በመንገድ ዳር ቢጫ የተቀቡ ድንጋዮችን አይቶ፣ ከዳርቻ በእግር ገብቶ መጥለቅ ይቻላል። ጀልባ መጠበቅ ስለሌለ ለሚቀርበው ሰው ከዚህ የተሻለ የአጭር ጉዞ ደሴት አላውቅም።

ማልዲቭስ። ደረቁ ወቅት በግምት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነው። ነገር ግን ግዙፎቹ የማንታ ዓሦች በሃኒፋሩ የባሕር ወሽመጥ የሚሰበሰቡት በዝናቡ ወቅት፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። እዚያ በአየር ጋን መጥለቅ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው ስኖርክሊንግ ብቻ ነው። ጋን የሚወዱ ጓደኞች ካሉዎት አስቀድመው ይንገሯቸው።

ትንበያውን ከጉዞው አምስት ቀን በፊት ይክፈቱ። ነፋሱ ከ15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ሆኖ ወደ መረጡት ዳርቻ የሚነፍስ ከሆነ በዚያው ደሴት የተከለለውን ዳርቻ ይያዙ። የተከለለ ዳርቻ ከሌለ ወደ ሁለተኛው ዕጩ ይሻገሩ።

ደረጃ 4፦ ከሰማይ ያንብቡት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፤ ከሁሉም የሚጠቅመውም ይኸው ነው። የሳተላይት ካርታውን ከፍተው ወደ ዳርቻው ይጠጉ። ቀለሞቹን እንዲህ ይተርጉሙ፦

1. ፈዛዛ ሰማያዊ፦ ጥልቀት የሌለው አሸዋ። ፎቶ ላይ ውብ ነው፤ ከሥሩ ግን የሚታይ ነገር ጥቂት ነው።
2. ቡናማ ነጠብጣብ፦ ኮራል ወይም የባሕር ሣር። ጠርዙ የተቆራረጠና የተጠጋጋ ከሆነ ኮራል፣ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ከሆነ ሣር የመሆን ዕድሉ ያመዝናል።
3. በድንገት የጠቆረ ሰማያዊ፦ ኮራሉ ወደ ጥልቁ የሚወርድበት ግድግዳ። ዓሦች በብዛት የሚገኙት በዚህ ጠርዝ ላይ ነው።
4. ነጭ መስመር፦ ማዕበል የሚሰበርበት ቦታ። በዚያ በኩል አይገባም፣ አይወጣምም።
5. ቡኒ ወይም አረንጓዴ ጭራ ከየብስ ሲወጣ፦ የወንዝ አፍ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ውኃው ለቀናት ይደፈርሳል። ከእርሱ ይራቁ።

አሁን በካርታው የመለኪያ መሣሪያ ከዳርቻው እስከ ጥቁሩ ጠርዝ ያለውን ርቀት ይለኩ። እስከ 100 ሜትር ከሆነ ለሁሉም ይሆናል። ከ100 እስከ 300 ሜትር ለጥሩ ዋናተኛ ብቻ ነው። ከዚያ ከበለጠ ጀልባ ያስፈልጋል፤ ጀልባ ደግሞ ሰዓትና ገንዘብ ነው። «ከሆቴሉ ፊት ለፊት ኮራል አለ» የሚለው ማስታወቂያ ርቀቱን አይነግርዎትም።

በነጩ መስመር ውስጥ ጠባብ ጥቁር ክፍተት ካዩ እርሱ መተላለፊያ ነው። ከኮራሉ አጥር ውስጥ የገባው ውኃ በብዛት የሚወጣው በዚያ በር ስለሆነ ፍሰቱ ብርቱ ነው። ለጀማሪ አይሆንም። በመላው ዓለም በፍሰት የታወቁትን፣ እንደ ኢንዶኔዥያው ኮሞዶ ወይም እንደ ሜክሲኮው ኮዙሜል ያሉትንም፣ ልምድ ሳይኖርዎት ለሁለት ቀን አይምረጡ።

ካርታው በደመና ከተሸፈነ ወይም ቀለሙ ካልለየልዎት የሌላ ዓመት ምስል ይክፈቱ።

ደረጃ 5፦ ሙላትና ሽሽቱን ከጨረቃ ጋር ያስተያዩ

በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ በሙላትና በሽሽት መካከል ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃዎች አለ፣ ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ፍሰቱም ይበረታል። ግማሽ ጨረቃ ስትሆን ሁለቱም ይለዝባሉ። ቀኑን የመምረጥ ነጻነት ካለዎት ለግማሽ ጨረቃ የቀረበውን ቅዳሜ ይያዙ።

በካሪቢያን የሙላትና የሽሽቱ ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ይህን ደረጃ በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። በዛንዚባር ግን ልዩነቱ እስከ አራት ሜትር ይደርሳል። በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ሩቅ ድረስ ይገለጣል፤ በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን በአብዛኛው ሰዓት ለመዋኘት ይመቻሉ።

ከሙላቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይግቡ፤ ውኃው ጥሩ እይታ የሚሰጠው፣ ከኮራሉም በላይ በቂ ከፍታ የሚኖረው ያኔ ነው። ሙላቱ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚውልበት ቅዳሜ ካገኙ ይቸኩሉ፣ ይያዙት፤ ነፋስም በአብዛኛው ጠዋት ላይ ይቀላል።

ደረጃ 6፦ ኮራሉ በሕይወት አለ?

የጉዞ ማስታወቂያ ፎቶ የስንት ዓመት እንደሆነ አይጽፍም። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራል ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት በይፋ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተነሳ ፎቶ ብዙ አይመስክርልዎት።

የሚያደርጉት፦ ባለፉት ስድስት ወራት ጎብኚዎች ራሳቸው የለጠፏቸውን የውኃ ውስጥ ምስሎች ብቻ ይመልከቱ። በረዶ የመሰለ ነጭ ኮራል ተጎድቷል፣ ሊያገግም ግን ይችላል። ቡኒ አረንጓዴ ፀጉር የለበሰው ሞቷል። የተሰባበረ አጥንት የመሰለ ክምር ብቻ ካዩ ደሴቱን ይጣሉት። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በነጻ የሚያወጣው የሙቀት ካርታም አለ። በዚያ ካርታ የተጠራቀመው ሙቀት (የሚለካው በዲግሪ ሴልሺየስ-ሳምንት ነው) 4 ሲደርስ መንጣት ይጠበቃል፤ 8 ሲደርስ ሞትም ይከተላል።

ደረጃ 7፦ ለጠለቃ ማዕከሉ ይጻፉ

ለሁለት ማዕከላት ተመሳሳይ መልእክት ይላኩ። እነዚህን ይጠይቁ፦

1. በዚያ ሳምንት የምትጠልቁት በየትኛው ዳርቻ ነው?
2. ጀልባዋ ቦታው ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል?
3. በአንድ መሪ ስር ስንት ሰው ይሆናል?
4. ጀልባዋ ላይ ኦክስጅን አለ? ለጠላቂዎች የሚሆነው የግፊት ሕክምና ክፍል የት ነው?
5. ባሕሩ ከከፋ ገንዘብ ትመልሳላችሁ ወይስ ሌላ ቦታ ትወስዱናላችሁ?

መልሱ ቀን፣ ቦታና ደቂቃ ካለው ይመኑት። «እዚህ ዓመቱን ሙሉ ግሩም ነው» የሚል ከሆነ ይለፉት። በአንድ መሪ ስር ከስድስት በላይ ሰው ከሆነ፣ ወይም ስለ ኦክስጅን የተጠየቀው ጥያቄ ታልፎ ሌላው ብቻ ከተመለሰ፣ እኔ አልሄድም።

ደረጃ 8፦ በዚህ ቅደም ተከተል ይክፈሉ

መጀመሪያ የቅዳሜውን የጀልባ ቦታ ያረጋግጡ፣ ቀጥሎ በረራውን፣ በመጨረሻ መኝታውን። ብዙዎች ከመኝታው ይጀምሩና ጀልባዋ ሞልታ ያገኟታል። መኝታው ከማዕከሉ ወይም ከመግቢያው ዳርቻ በእግር የሚደረስበት ይሁን።

የጉዞ መድንዎን ያንብቡ። ብዙዎቹ ጠለቃን አይሸፍኑም፣ ወይም እስከ ተወሰነ ጥልቀት ብቻ ይሸፍናሉ። የግፊት ሕክምናና በአውሮፕላን ወደ ሆስፒታል መወሰድ በስም ተጠቅሰው ካላዩ ለጠላቂዎች የተዘጋጀ መድን ይግዙ።

ደረጃ 9፦ ቤት ሳሉ ይሞክሩ

አፍንጫንም የሚሸፍነውን የውኃ መነጽር ያለ ማሰሪያው ፊትዎ ላይ ይጫኑና በአፍንጫዎ ወደ ውስጥ ይሳቡ። ሳይወድቅ ከቆየ ልክዎ ነው፤ ከወደቀ ጢምዎን ይላጩ ወይም መነጽሩን ይቀይሩ። አዲስ ከሆነ ውስጡን በጥርስ ሳሙና ደጋግመው ይሹት፣ አለበለዚያ በእንፋሎት ይሸፈናል። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውን መነጽር አልመክርም፤ ጭንቅ ሲመጣ ከአፍ እንደሚተፋ ቱቦ ቶሎ አይወልቅም።

ጀርባዎን ከፀሐይ በቅባት ከመጠበቅ እጅጌ ረጅም የዋና ልብስ ይልበሱ። ፓላው ከ2020፣ ሃዋይ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉ ኮራል የሚጎዱ ኬሚካሎች ያለባቸውን የፀሐይ ቅባቶች ከልክለዋል፤ ሌሎች ደሴቶችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው።

ከደረሱ በኋላ ነገር ሲበላሽ

*ውኃው ደፍርሷል።* ሌሊት ዝናብ ከነበረ ከወንዝ አፍ ወደ ራቀው ዳርቻ ይሂዱ። ምክንያቱ ነፋስ ከሆነ የተከለለውን ጎን ይሞክሩ። በደፈረሰ ውኃ ብቻዎን አይግቡ።

*ፍሰት ይዞ ወደ ውጭ እየወሰደዎት ነው።* ወደ ዳርቻው ቀጥታ አይታገሉ። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆነው ይዋኙ፤ ፍሰቱ ሲለቅዎት ወደ ውስጥ ይመለሱ። ካልቻሉ ጉልበትዎን ሳይጨርሱ ይንሳፈፉ፣ እጅዎን ያውለብልቡ።

*ጆሮዎ አልከፍት አለ።* ጥቂት ወደ ላይ ይውጡ፣ አፍንጫዎን ይዘው በቀስታ ይንፉ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ። አሁንም ካልሆነ ጠለቃው አበቃ። ጉንፋን ይዞዎት ከሆነ መጀመሪያውኑ አይግቡ፤ የማዕከሉ ሰው «መድኃኒት ወስደህ ግባ» ቢልም እንኳ።

*ጀልባዋ ተሰረዘች።* ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሌላ መውጫ ካለ ይያዙ። ወደ እሑድ ጠዋት ማዛወር ግን አይቻልም፤ በደረጃ 1 የተቆጠረው ሰዓት ጀልባ ስለተሰረዘ አይለወጥም። እሑድን በደረጃ 4 ባገኙት ከዳርቻ የሚገባበት ቦታ ያሳልፉ። ለዚሁ ሲባል አንድ እንዲህ ያለ ቦታ በወረቀትዎ ላይ ሁልጊዜ ይኑር።

*ከጠለቃ በኋላ መገጣጠሚያ ካመመዎት፣ ቆዳዎ ካሳከከ ወይም ሽፍታ ካወጣ፣ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ያልተለመደ ድካም ከመጣ።* ለመሪው ወዲያውኑ ይንገሩ፣ ኦክስጅን ይቀበሉ፣ ጋደም ይበሉ፣ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ሕመሙ በኦክስጅን ቢጠፋም ሐኪም ሳያይዎት አውሮፕላን አይሳፈሩ።